ገዘንፈር ሙቀት የሚለካበት እጅ

ቱፌይልና ገዘንፈር በአንድ ሳንቃ ተጣሉ ብሎ የከተማችን የቺኒዮት ሰው ያወራል። ሳንቃው እኔ መጋዘን ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ተቀምጧል፤ የተጣሉበትም ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። ስለዚህ እንደሆነው ልናገር። እንጨት ነጋዴ ነኝ፤ ሰፈሩ ሐጂ ይለኛል፤ መጋዘኔና የገዘንፈር ቤት የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው።

ቱፌይል ጠራቢ ነው። እኛ ከተማ ጠራቢ መሆን ብርቅ አይደለም፤ የመሮ ድምፅ የማይሰማበት መንገድ የለም። እሱ ግን ኡስታዝ ሚራን እጁን ይዞ ያስተማረው የመጨረሻው ተማሪ ነው። ኡስታዝ ሚራን በገዛ ቤቱ ላይ አንድ መስኮት ሠርቶ ነበር። መሐሉ ላይ ባለ አስራ ሁለት ጫፍ ኮከብ፣ ዙሪያውን እርስ በርሱ የተጠላለፈ ሐረግ፣ ከውስጥ ብታየውም ከውጭ ብታየውም ፊቱ እንጂ ጀርባው የማይገኝ። የቼናብ ወንዝ ሞልቶ ከተማ የገባ ዓመት ቤቱ ከነመስኮቱ ሄደ። ኡስታዙም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ አላህ ይማረው። ከግቢው የተረፈው ጎርፉ የገነደሰው አንድ የሺሻም ዛፍ ነበር። ቱፌይል ግንዱን በትራክተር አስጎትቶ እኔ ዘንድ አመጣውና አሰነጠቀው። ከመሐሉ ሰፊ፣ አንድም ጉጥ የሌለበት ሳንቃ ወጣ።

"ይህን ማንም እንዳይነካብኝ ሐጂ። መስኮቱን የምመልሰው በዚህ ነው" አለኝ።

ሺሻም ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቱፌይልም ጠበቀ። ከዚያ ደግሞ ልጆቹን መዳር ነበረበት፤ ከዚያ ሚስቱ ታመመች። እንጨቱ ከደረቀ ቆይቷል፤ የሰውየው እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ ላይ አየነው፤ ቀጥሎ መሮው ላይ። ለቀጥታ መስመር የሚበቃ እጅ ነበረው፤ ለኡስታዝ ሚራን ቅጠል ግን አይበቃም። አልደበቀውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ገዘንፈር ግቢ የገመድ አልጋ ላይ እንደተቀመጥን ሁለቱንም እጆቹን ወደፊት ዘርግቶ አሳየን። "እዩልኝ፣ እነዚህ አለቀላቸው። መስኮቱ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፤ የሚያወጣው እጅ ግን የለኝም" አለ። ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ገዘንፈር ግን "እጁን እኔ እሠራልሃለሁ" አለው።

ገዘንፈር ፋይሰላባድ ከተማ ውስጥ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት ሞተር ጠጋኝ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። ስሙ የገነነው በመዳፉ ነው። የሚሠራ ሞተር ገላ ላይ መዳፉን ያሳርፍና አስር ይቆጥራል። አስር ድረስ ከቻለው "ደህና ነው" ይላል፤ አምስት ላይ ካነሳ "አጥፉት" ይላል። መሐንዲሶቹ ሳይቀሩ እሱ እጁን እስኪያነሳ ይጠብቁ እንደነበር ሲያወራ ደረቱ ይሰፋል። ሰፈር ውስጥም የወተት ድስት ከእሳት ላይ ያለ ጨርቅ ሲያወርድ ሁላችንም አይተናል። እኔ ራሴ "ይሄማ የብረት እጅ ነው" ብዬ አስቄበታለሁ።

ቺኒዮት ውስጥ ትልልቆቹ የእንጨት ሥራ ቤቶች ከውጭ ያስመጡት እንጨት የሚጠርብ ማሽን አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ የአልጋ ራስጌ ይጠርባል። የገዘንፈርና የቱፌይል ማሽን ግን በገዛ እጃቸው የተሠራ ነው። ብረቱን ከፍርስራሽ ለቃቀሙ፤ ሰርቮ ሞተሮቹን ላሆር ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከተፈታታ ማሽን ላይ መርጠው አመጡ። ሥዕሉን ኮምፒውተር ላይ ያወጣችው የገዘንፈር ልጅ ዘርቃ ናት። የሴቶች ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ቱፌይል ከጎኗ ተቀምጦ መስኮቱን ከጭንቅላቱ ቅጠል በቅጠል ነገራት። "እዚህ ጋ ሐረጉ ከታች ነው የሚያልፈው ልጄ፣ ከላይ አይደለም" ይላታል፤ ታጠፋና ደግማ ትሠራለች። ይህ ብቻ ስምንት ወር ፈጀ። ማሽኑም ሥዕሉም ሲያልቅ ሁለት ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ቱፌይልን እንደነዚያ ሁለት ዓመታት ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ሰርቮ ሞተር እንደ ውሃ መሳቢያ ሞተር ዝም ብሎ አይዞርም። ከኋላው ቆጣሪ አለው፤ የት እንደቆመ በፀጉር ውፍረት ልክ እየቆጠረ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል መጀመሪያ መዋሸት የሚጀምረው ይህ ቆጣሪ ነው። ይህን ያስረዳችኝ ዘርቃ ናት፤ ያስረዳችኝ ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ከሦስቱ ሞተሮች በጣም የሚደክመው መቁረጫውን የሚያወጣውና የሚያወርደው ነው። ሌሎቹ ሲቆሙ ያርፋሉ፤ እሱ ቆሞም ክብደት ተሸክሟል። ገዘንፈር ደግሞ የእንጨት ብናኝ እንዳይገባበት ብሎ በቆርቆሮ ሳጥን ከደነው፤ እጅ የምታስገባ ትንሽ በር ብቻ ተወለት።

ሳንቃውን ከመጋዘኔ ያወጣነው በግንቦት መጨረሻ ነው። መብራት የሚኖረው ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበርና ማሽኑ የሚሠራው ውሻ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት ሰዓት ነው። ክፍሉ ውስጥ አርባ አምስት ዲግሪ ይሆናል። ዘርቃ ስለ ሞተሮቹ የተጻፈውን ፈልጋ አንብባ ነበር፤ ክፍሉ ከአርባ እንዳያልፍ፣ የሞተሩ ገላ ሰማንያ ሲደርስ እንዲቆም፣ ቆጣሪው ሰማንያ አምስት ካለፈ እንደማይታመን። ይህንን ለአባቷ እኔ ፊት አነበበችለት።

"ይህን የጻፈው ብርድ አገር ተቀምጦ ነው" አላት። "እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሞተር ዳስሻለሁ።"

"አባዬ፣ ቆርቆሮውን እንኳ እናንሳለትና…"

"ዘርቃ፣ ሻይ አምጪልን።"

ሄደች። በኋላ የሆነውን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ እዚያ በር ላይ ዞር ብላ አባቷን ያየችበት አስተያየት ነው። የምትናገረው ነገር አፏ ላይ ነበር፤ መልሳ ዋጠችው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ማሽኑ ይጠርባል፤ ቱፌይል እንጨቱ ላይ አጎንብሶ ብናኙን በብሩሽ ይጠርጋል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ገዘንፈር በቆርቆሮው በር እጁን ያስገባና ረጋ ብሎ አስር ይቆጥራል። እጁን ሸሚዙ ላይ ይጠርግና "ደህና ነው፣ ይቀጥል" ይላል። አንድ ቀን ቱፌይል ሙቀቱ ፊቱን ሲመታው እጁን ወደ በሩ ሰደደ። ገዘንፈር መታ አደረገለትና "አንተ እንጨትህን ዳስስ፤ ብረት የኔ ነው" አለው። ሳቅን። ቱፌይልም ሳቀ፤ እሱ በሰው ሙያ የሚገባ ሰው አይደለም።

አስር ቀን ያህል ሁሉም አማረ። ኮከቡ ወጣ፤ ሐረጉ ግማሽ ዙሪያውን ያዘ። ቱፌይል አሮጌ ተማሪዎቹን እየጠራ ያሳይ ነበር። አስራ አንደኛው ቀን ላይ ግን ጣቱን ቅጠሎቹ ላይ ደጋግሞ አሳለፈ። የዛሬዎቹ ቅጠሎች ከትናንቶቹ ጠልቀዋል አለ። እኔ ባየው ባየው ልዩነቱ አልታየኝም። ገዘንፈር የመብራቱ ኃይል መውረድ ነው አለ። በማግስቱ ደግሞ ጠለቀ። ያኔ ገዘንፈር ወደ ልጁ ዞሮ፣ "ሥዕሉ ላይ ነው ስህተቱ፤ ተመልከቺው" አላት።

ዘርቃ አልተከራከረችም። ማሽኑን አስቁማ ሁለት ቀን ሙሉ እያንዳንዱን ቅጠል መርምራ ስህተት አላገኘችም። አላገኘሁም ብትል አባቷ አያምንም፤ ዝም ብትል ጥፋቱ የሷ ሆኖ ሊቀር ነው። ቱፌይል እንደ ልጁ ነበር የሚያያት፤ ያን ሰሞን ግን ከጎኗ አልተቀመጠም። እኔም ግዴላችሁም ከእንግዲህ ሥዕሉን ሌላ ሰው ይየው አልኩ። ይህን ማለቴ እስካሁን ያሳፍረኛል። በዚያው ሰሞን ገዘንፈር መዳፍ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር አየሁና ምን ነካህ ብዬ ጠየቅሁት። የወተት ድስት ነው አለኝ። ዘርቃ ከኋላው ቆማ ነበር፤ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

አስራ ሰባተኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። የቀረው የአንድ ጥግ ሐረግና የኮከቡ ማለስለስ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ገዘንፈር ቆጥሮ "ደህና ነው" አለ። ከዚያ ሩብ ሰዓት አልሞላም። መቁረጫው ከጥጉ ተነስቶ ወደ ኮከቡ ተሻገረ፤ መሐሉን ሊያለሰልስ ነበር። ከላይ በስሱ ሊያልፍበት የሚገባውን ወደ ውስጥ ገብቶ በረቀሰው። እንጨቱ ሲሰነጠቅ የወጣው ድምፅ እንደ ጥይት ነው። ዘርቃ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ ስትመታ ስንጥቁ ከኮከቡ ተነስቶ በሐረጉ ውስጥ አልፎ ሳንቃውን ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ከፍሎት ነበር።

ቱፌይል ቁጭ አለ። የተሰበረውን አንድ የኮከብ ጫፍ አንስቶ ቦታው ላይ ሊመልሰው ሞከረ፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አልገባለትም።

ዘርቃ ክፍሏ ገብታ በወረርሽኙ ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደቅኑት የነበረውን ዓይነት፣ ሽጉጥ የመሰለ መለኪያ ይዛ መጣች። ይሄኛው የብረት ሙቀት የሚለካ ነው። ከሁለት ወር በፊት ገዝታው አባቷ አላስነካት ብሎ ነበር። የቆርቆሮውን ሳጥን በመፍቻ ፈታ ጣለችውና ሞተሩ ላይ ደቀነችበት። መቶ አስራ ሁለት አለ። ለቱፌይል አሳየችው።

"አጎቴ፣ ይዩት። ሥዕሉ አይደለም።"

"መጫወቻ ነው" አለ ገዘንፈር። "አሁን አይደል እጄን ያስገባሁት? ደህና ነበር። ኑ፣ ቁጠሩ።"

እንዲህ ብሎ መዳፉን በሙሉ የሞተሩ ገላ ላይ ለጠፈው። ዓይኑን ቱፌይል ላይ አድርጎ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያለ ቆጠረ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር አልተለወጠም። እኔ በልቤ መለኪያው ነው የተበላሸው አልኩ። ስድስት ሲል ሽታው መጣ። ስጋ ሲጠበስ የሚሸተውን ነው የሸተተኝ። ዘርቃ "አባዬ ተው" ብላ ጮኸች። እሱ "ሰባት" አለ። ቱፌይል ከተቀመጠበት ተነስቶ ክንዱን በሁለት እጁ ይዞ መነጨቀው። የመዳፉ ቆዳ ብረቱ ላይ ቀርቶ ነበር።

ገዘንፈር እጁን ገልብጦ አየው። የሌላ ሰው እጅ የሚያይ ይመስል ነበር።

ዘርቃ ንጹሕ ጨርቅ በውሃ ነክራ እየጠቀለለችለት ነው የተናገረችው። ስኳር እንዳለበት፣ ሁለቱም እጆቹ ካልተሰማቸው ሁለት ዓመት ማለፉን፣ ሐኪሙ እሳት አጠገብ እንዳይደርስ እንደነገረው፣ ለማንም ትንፍሽ ብትይ ልጄ አይደለሽም እንዳላት። ሁለት ዓመት ማለት ማሽኑን የጀመሩበት ጊዜ ነው። የወተት ድስቱ ትዝ አለኝ። ስንስቅ የነበረው በዚህ ነው።

ቱፌይል እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ ለገዘንፈር ቀስ ብሎ፣

"እኔ የኔን እጅ ነግሬሃለሁ" አለው። "እዚህ ግቢ ዘርግቼ አሳይቼሃለሁ። ያን ቀን የኔም እንዳንተ ነው ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር?"

"ብነግርህ ትመጣ ነበር?" አለ ገዘንፈር። "እጅ የሌለው ሰው እጅ ከሌለው ሰው ጋር ምን ሊሠራ?"

"መለኪያ እንገዛ ነበር።"

ይህን ብሎ ወጣ። የተሰበረውን ሳንቃ አልወሰደም።

የገዘንፈር ቁስል አልድን አለ። ሐምሌን ነሐሴን አመረቀዘ፤ መስከረም ላይ ፋይሰላባድ ሆስፒታል ሁለት ጣቱን ቆረጡት። ቱፌይል አልጠየቀውም። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ ለመንኩት። በሦስተኛው መጣ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመ። ገዘንፈር በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን ከአንሶላ አውጥቶ "በቃህ? ተካካስን?" አለው።

"አልተካካስንም። ለጣትህ አዝኛለሁ" አለ ቱፌይል። "ለእንጨቱ ግን የበለጠ አዝኛለሁ። ልዋሽህ አልችልም።"

ገዘንፈር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስከ ዛሬ እንደዞረ ነው ብል ማጋነን አይደለም። አርብ አርብ አንዳንዴ መስጊድ ውስጥ አንድ የሶላት ረድፍ ላይ ይገጣጠማሉ፤ ሶላት አልቆ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሰላምታ ሲባል አንገታቸውን እርስ በርስ ያዞራሉ፤ ዓይናቸውን ግን መሬት ላይ ይተክላሉ።

ማሽኑን ያዳነችው ዘርቃ ናት። ሳጥኑን ጣለችው፤ ማራገቢያ ገጠመችለት፤ የመቁረጫውን ክብደት የሚሸከም ሌላ ክብደት በጥቅልል ሽቦ አንጠለጠለች፤ የሞተውን ቆጣሪ ለወጠች። አሁን ገላው ከስልሳ አያልፍም፤ ካለፈ ራሱ ይቆማል። የበር ጌጥና የአልጋ ራስጌ ትሠራበታለች። ቱፌይልን ጠርታ አዲስ ሳንቃ ይፈለግና መስኮቱን እንደገና እንሥራው አለችው። ሥዕሉ አለ፤ ስህተትም የለበትም። እኔም ካለኝ ሺሻም ሁሉ የፈለግከውን ምረጥ አልኩት።

"ሥዕሉን አጥፊው" አላት።

መቼም ተቆጥቶ ነው ብዬ ገባሁበት፤ ኡስታዝ ሚራንን አነሳሁበት፤ አልሰማኝም። የኡስታዙ መስኮት በውሸት መሐል ተሠርቶ እንዲቆም አልፈልግም አለ። ዘርቃ ኮምፒውተሩን ከፍታ ሥዕሉን አሳየችው። ኮከቡ እንዳለ ነበር። "በእውነት ላጥፋው?" አለችው። "አጥፊው" አለ። አጠፋችው። ቅጂ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አንድ አለ አለችና እሱንም ፊቱ አጠፋችው። አመስግኗት ወጣ።

ይህ የሆነው ካቻምና ነው። ባለፈው ክረምት ቱፌይል እኔ መጋዘን መጥቶ ወረቀትና እርሳስ ጠየቀኝ። የጣውላ ክምር ላይ ተቀምጦ ሐረጉን ሊስል ሞከረ። እጁ ብሶበታል፤ መስመሩ ከወረቀቱ ይወጣል። ይባስ ብሎ ቅደም ተከተሉም ጠፍቶበታል፤ ከኮከቡ አራተኛ ጫፍ በኋላ ሐረጉ ከላይ ይለፍ ከታች አያውቀውም። ሦስት ወረቀት አበላሽቶ ተነሳና ወደ ገዘንፈር ግቢ ሄደ። ተከተልኩት። ዘርቃ በረንዳው ላይ የአልጋ ራስጌ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልስ ነበር። አባቷ ከውስጥ ተኝቷል፤ በሩ ክፍት ነው።

ቱፌይል ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ልጄ፣ ያ ሥዕል… በእውነት ጠፍቷል? እኔ ብልሽም፣ አንድ የሆነ ቦታ አስቀምጠሽው ይሆናል ብዬ ነው።"

ዘርቃ ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠች።

"አጥፊው አሉኝ፣ አጠፋሁት አጎቴ። ሌላ ሰው ቢሆን ደብቆ ያስቀምጥልዎት ነበር። እኔ ግን በዚህ ቤት ደብቆ መያዝ በቅቶኛል።"

ራሱን ነቀነቀ። "ደግ አድርገሻል" አላት። ከልቡ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ከውስጥ የገመድ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ፤ ገዘንፈር ነቅቷል፣ ሁሉንም ሰምቷል። የሚናገር መስሎኝ ጠበቅሁ፤ ቱፌይልም በሩን እያየ ትንሽ ጠበቀ። ድምፅ አልመጣም። ዘርቃ ሥራዋን ቀጠለች፤ እኛም ወጣን።